ኢኩዊኖክስ 800 ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ምስማሩን ዝም አታሰኙት

ባለፈው ጥቅምት ያገለገለ ኢኩዊኖክስ 800 በ550 ዶላር ገዛሁ። ማይንላብ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ የሚሠራው ሜታል ዲቴክተር ነው፤ መሬት ውስጥ ያለ ሳንቲምና ብረት የሚያስሰማ ማሽን ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ተነስቼ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ፣ አንድ አሮጌ እርሻ ላይ ስውል ከረምኩ። ስለዚህ ማሽን በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ፣ በዘጠኝ ወር ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቦታውን። ቤቱ የተሠራው ቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1776 በፊት ማለት ነው። ዛሬ የቀረው የድንጋይ ጭስ ማውጫው ነው። እሱም ግማሹ ፈርሷል። መጋቢት ላይ ግን ሣሩ መሀል ቢጫ የዳፎዲል አበቦች ቀጥ ባለ መስመር ተደርድረው ይወጣሉ። አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ተክሏቸው ነበር። ቤቱ ፈርሶ እነሱ በየዓመቱ ይመለሳሉ። ባለርስቱ ሽማግሌ በእጃቸው እያመለከቱ "በሩ እዚህ ጋ ነበር" ያሉኝ አበቦቹን አይተው ነው።

ያለ እሳቸው ፈቃድ አንድ ስንዝር አልቆፈርኩም። ስምምነታችንን በወረቀት ጽፈን ፈርመናል። የማገኘው ነገር ሁሉ መጀመሪያ የእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ይህን ማሽን ይዞ መዞር ክልክል ነው። በፌዴራል መሬት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥንታዊ ነገር ያለ ፈቃድ መቆፈርም እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ሕግ ያስከስሳል። የግል መሬትና የባለቤቱ ፈቃድ፤ ሌላ መንገድ አትሞክሩ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ከታች ያለችው ክብ ሳህን ኮይል ትባላለች። መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ትልካለች። ሞገዱ መዳብ ወይም ብር ወይም ብረት ሲያገኝ በዕቃው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። ኮይሏ መልሱን ትቀበላለች፤ ማሽኑ ደግሞ ወደ ድምፅና ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች 9 ጀምሮ እስከ 40 ነው። ከታች በኩል ያለው ምስማርና የመሳሰለው ብረት ነው። ወፍራም የብር ሳንቲም ከላይ በኩል ይወጣል።

ይህ ማሽን በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ (በተለያየ የሞገድ ፍጥነት) ይሠራል። ገንዘቤን ያወጣሁበትም ምክንያት ይኸው ነው። የአካባቢው አፈር ቀይ ሸክላ ነው። የጅማን መሬት ያየ ሰው ቀለሙ አይጠፋውም። ቅላቱ የመጣው አፈሩ ውስጥ ካለው የብረት ዝገት ስለሆነ መሬቱ ራሱ ማሽንን ያስጮኻል። አንድ ጓደኛዬ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ ማሽን ይዞ መጥቶ ነበር። ሲንጫጫበት ውሎ ተመለሰ። የእኔው ከመሬቱ ጋር በአንድ ደቂቃ ተስማምቶ ጸጥ ይላል። በዚህ በኩል ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ዋናው ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። ማሽኑ ገና ሲበራ ብረትን ዝም እንዲያሰኝ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ምስማር ላይ ስትሄዱ ምንም አይሰማም። ጀማሪ ይህን ይወደዋል፤ እኔም ወድጄው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንዲያ እያደረግሁ በትልቁ ሜዳ ላይ ዞርኩ። ያገኘሁት የቢራ ቆርኪ፣ የጥይት ቀለህና የትራክተር ብሎን ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የፈረስ ጫማ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫንኩ። ያቺ ቁልፍ ሁሉንም ነገር ታሰማለች። ከጭስ ማውጫው ወደ ምሥራቅ ሠላሳ እርምጃ ያህል ስሄድ ጆሮዬ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስል ድምፁ ተንጣጣ። ምስማር በምስማር ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ስል ጸጥ አለ። ተመለስኩ፤ ደገመው። ድምፁ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን እየተከተልኩ መሬት ላይ ዱላ ተከልኩ። ሲያልቅ ዱላዎቹ አራት ማዕዘን ሠሩ። ሣር ብቻ የሚታይበት ቦታ ላይ የአንድ ቤት ቅርፅ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ራሳቸው እዚያ ቤት እንደነበረ አያውቁም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረቱን ዝም አሰኝቼው አላውቅም። አሮጌ ቤት ከምስማር ነው የተሠራው። ቤቱ ሲቃጠል ወይም ሲበሰብስ እንጨቱ ይጠፋል፤ ምስማሩ ይቀራል። ምስማሩን ያፈነ ሰው ቤቱን አፈነ ማለት ነው።

ምስማሩ ዕድሜም ይናገራል። አንጥረኛ አንድ በአንድ የቀጠቀጠው ምስማር አናቱ ላይ አራት አምስት የመዶሻ ምት ይታያል፤ እንደ ፈካ አበባ ነው። ከ1790ዎቹ ወዲህ በማሽን የተቆረጠ ምስማር መጣ። እሱ ጠፍጣፋ ነው፤ ወደ ጫፉ ይሾላል። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ክቡ የሽቦ ምስማር የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ አራት ማዕዘን ካወጣኋቸው ምስማሮች ክብ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። የሚበዙት የአንጥረኛ ናቸው። የቡና ቆርቆሮ ሙሉ አስቀምጫለሁ።

የካቲት ላይ ባለስድስት ኢንቿን ትንሽ ኮይል ለብቻ ገዛሁ። ምስማር በበዛበት ቦታ ትልቋ ኮይል አምስት ነገር አንድ ላይ ታያለች፤ ትንሿ ግን ትለያለች። እዚያው አራት ማዕዘን ውስጥ፣ ምስማሩ እየተንጣጣ መሀሉ ላይ አጭር ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ከሰሜን ስመጣ ይሰማል፤ ከምሥራቅ ስመጣ ይጠፋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ትቶት ያልፋል። ቆፈርኩ። አንድ ጋት ያህል ወርጄ አፈሩን በጣቴ ስፈረፍር ሹል ነገር ወጋኝ። እንደ ዳቦ ቁራሽ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ብር ነው። አንዱ ጎኑ ክብ፣ ሁለቱ ጎኖቹ በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ያሉ። ክብ ጎኑ ላይ የፊደል ቁራጭ ይታያል። መዳብ ከዚያ አፈር አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ይሄ ግን በምራቄ ጠረግ ሳደርገው ነጣ።

የስፔን ብር ነው። እንግሊዞች ለቅኝ ግዛቶቻቸው በቂ ሳንቲም አይልኩም ነበር። ስለዚህ ሰዉ በስፔን ብር ይገበያይ ነበር። አንዱ የብር ሳንቲም ስምንት ሬያል (የስፔን ዝርዝር ገንዘብ) ነው፤ ዝርዝር ሲጠፋ ብሩን ራሱን ይቆርጡታል። በአሜሪካ እስከ 1857 ድረስ ሕጋዊ ገንዘብ ነበር። ይህን ሳነብ አያቴ አንገቷ ላይ የምታስራት ማርትሬዛ ትዝ አለችኝ። እሷም የሩቅ ንግሥት መልክ ያለባት፣ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈባት፣ ከውጭ መጥታ የእኛ የሆነች ብር ነበረች። እኛ ዝርዝር ሲያጥረን አሞሌ ጨው ነበረን፤ እነሱ ብሩን ቆረጡት። ያቺን ቁራሽ መዳፌ ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ሌላም ነገር ወጥቷል። ጠፍጣፋ የካፖርት ቁልፎች፣ ግማሽ የጫማ ዘለበት፣ ክብ የእርሳስ አረሮች፣ ልብስ ሰፊ ጣቷ ላይ የምታጠልቃት ትንሽ የነሐስ ቆብ። ቆቧ ለልጅ ጣት የምትሆን ነች።

ያ አራት ማዕዘን ምን እንደነበረ ኋላ ገባኝ። ከጀርባው ዛፎቹ ሥር ፔሪዊንክል የሚባል መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል አለ። መሀሉ ላይ ያልተጠረቡ ድንጋዮች ቆመዋል። በዚህ አገር እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ ብዙ ጊዜ መቃብር ነው። ስም የለባቸውም። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በባርነት የኖሩ ሰዎች ከዚያ በኩል እንደተቀበሩ ከአባታቸው መስማታቸውን ነገሩኝ። ስለዚህ ዱላ የተከልኩበት ቤት የእነሱ ሳይሆን አይቀርም። ማሽኑን አጠፋሁ። እስካሁን እዚያ ቦታ ላይ አላበራሁትም፤ አላበራውምም። ካርታውን ሥዬ፣ እያንዳንዱ ነገር የወጣበትን ቦታ ጽፌ ለሽማግሌው ሰጠሁ። እሳቸውም ለቨርጂኒያ የታሪካዊ ሀብቶች መሥሪያ ቤት አሳወቁ። ቀድሜ ብቆም ይሻል ነበር። ከአፈር የወጣ ነገር ተመልሶ ቢቀበርም ቦታው እንደ ድሮው አይሆንም።

ስለ ችግሮቹ። የታጠፈ የዛገ ምስማር እንደ ጥሩ ነገር ከፍ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ጥልቅ ያለ ትልቅ የማረሻ ብረትም እንዲሁ። የጣሳ መክፈቻ ቀለበትና የኒኬል አምስት ሳንቲም ሁለቱም 13 አካባቢ ናቸው፤ ቀጭን የወርቅ ቀለበትም እዚያው ሊወድቅ ይችላል። ይህ የዚህ ማሽን ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ጠባይ ነው። ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ ጆሯችሁን አሠልጥኑ። የኤሌክትሪክ አጥር አጠገብ ደግሞ ይረበሻል፤ ሽማግሌውን ለምኜ አጥሩን ያጠፉልኛል። ክብደቱ 1.34 ኪሎ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ክርን ያማል። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ችሎ ያውላል። እስከ ሦስት ሜትር ውኃ ይችላል፤ እኔ ከምንጩ ዳር አላለፍኩም።

ያናደደኝ ሌላ ዕቃ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ዕቃው የት ጋ እንዳለ የምታሳይ ትንሽ የእጅ መጠቆሚያ ከሌላ ሻጭ ገዝቼ ነበር። በመጀመሪያው ዝናብ ሞተች። ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም። በእሷ ላይ አትቆጥቡ፤ ያለሷ ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ሣሩም ይበላሻል።

ልብስም አስቡ። በተለይ ሲሞቅ መዥገር ይበዛል፤ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። በብዛት የምሠራው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ሣሩ አጭር ነው፤ አፈሩም ይለሰልሳል።

አጎቴ ከጎንደር ደውሎ "ጣሊያን የቀበረው ወርቅ አለ ይባላል፣ ማሽኑን ይዘህ ና" ብሎኛል። ለሌሎቻችሁም ይሄ ጥያቄ ስለሚመጣ ልመልሰው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለመንግሥት ይነገራል። "አይሆንም አጎቴ" አልኩት።

ልግዛው ወይ ለምትሉኝ፦ አፈራችሁ ቀይ ከሆነና ፈቃድ ያለው አሮጌ ቤት ካላችሁ፣ አዎ። ትንሿን ኮይል ጨምሩበት። ለባሕር ዳርቻ ልነግራችሁ አልችልም፤ አልሞከርኩትም። የእኔው አይሸጥም። ጥቅምት ላይ በጭስ ማውጫውና በምንጩ መሀል ያለው በቆሎ ይታጨዳል። ሽማግሌው ከወዲሁ "ና" ብለውኛል፤ ዱላዎቼን አዘጋጅቻለሁ።