ወለል ላይ ተቀምጣ ለምትሠራው ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ አንድ ዓመት ተኩል ዘግይቻለሁ። ስንፍና ብቻ አይደለም። ስሟን እንዳልጠራ አስምላኛለች። ስም የሌለው ምስጋና ደግሞ እንዴት ይጻፋል እያልኩ ስጀምር ስተወው ከረምኩ። አሁን ግን ሁለት ወዳጆቻችን ከባሕር ማዶ ልጅ በጉዲፈቻ ሊያመጡ ሂደት ጀምረዋል። ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ወረቀት ብቻ ነው። ስለ ልጁ የጠየቀኝ የለም። እኛም እንዲሁ ነበርን። ስለዚህ ልጻፈው።

የማመሰግናት የሶሻል ወርክ ባለሙያ ናት። ሥራዋ ልጅና ወላጅ ማገናኘት አይደለም። እሷ የምትመጣው ልጁ ቤት ከገባ በኋላ፣ ሌላው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ሲሄድ ነው። አንቱ ያላልኳት ንቄ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ስንደዋወል "እርስዎ" ስላት፣ "ተይ እህቴ፣ ገና በሌሊት ብዙ ትደውይልኛለሽ፤ በእርስዎ አንዘልቀውም" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ልጃችን የመጣው ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ከወረቀት ጋር ኖረናል። የቤት ጥናት (ባለሙያ ቤታችንንና ኑሯችንን የሚያይበት)፣ የጤና ምርመራ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ ትርጉም፣ የትርጉሙ ማረጋገጫ። ከአገር አገር የሚደረግ ጉዲፈቻን የሚገዛው፣ የሄግ ስምምነት ስለሚባለውም የሰማነው ያኔ ነው። በፈረንጆቹ 1993 ጸድቆ በ1995 ሥራ ላይ የዋለ ነው። ልጁ ከወለደው ቤተሰብ ጋር የሚኖርበት መንገድ ካለ ያ ይቀድማል። ከሌለ በአገሩ ቤተሰብ ይፈለግለታል። ውጭ አገር የሚታሰበው ያም ሳይገኝ ሲቀር ነው። ሁለቱም አገሮች ይቀጥል ብለው ካልተስማሙ ደግሞ ልጁ በአደራ አይሰጥም። እኛ ይህን ሁሉ እንደ ቢሮክራሲ ቆጥረን ስንበሳጭ ነበር። እሷ ኋላ ላይ "የዘገየው እናቱ በእርግጥ ፈቅዳ እንደሆነ እየተጠየቀ ከሆነስ?" ስትለኝ መግቢያ አጣሁ።

ያገናኘን ድርጅት ስሙ ይቅር። ልጁን አስረክቦ ፋይሉን ዘጋ። ስለ ልጁ የሰጠን ሦስት ገጽ ብቻ ነው። "ጤነኛ፣ ተግባቢ፣ ሰው የማያስቸግር" ይላል። "ሰው የማያስቸግር" የሚለውን ስናነብ ደስ ብሎን ነበር። አቤት አለማወቅ!

መጀመሪያ የመጣችው ልጁ ቤት በገባ በስድስተኛው ቀን ነው። እኔ ፈተና ያለብኝ ይመስል ቤቱን ወልውዬ፣ የሶፋውን ትራሶች ደርድሬ ጠበቅኳት። ጫማዋን አወለቀች፣ ሶፋውን አልፋ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ልጁ አይቷት አያውቅም። ሮጦ ሄዶ ጭኗ ላይ ወጣና አንገቷን አቀፈ። እኔና ባለቤቴ ተያየን። እንዴት ያለ ሰው ወዳድ ልጅ ነው የሰጠን!

እሷ ግን ቀስ ብላ አነሳችውና እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ተመልሶ ሄደ። መልሳ አመጣችው። አራት ጊዜ እንዲህ አደረገች። ፈገግታዋ አልጠፋም፣ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ ነገረችን። "ለመጣ ለሄደው ሁሉ የሚሮጥ ልጅ፣ የእኔ የሚለው ሰው ገና አላገኘም ይሆናል" አለች። ማሳደጊያ ውስጥ ሞግዚቶች በፈረቃ ይቀያየራሉ። አንዷ ታበላዋለች፣ ሌላዋ ታስተኛዋለች፣ ሦስተኛዋ በሳምንቱ ሥራ ትለቃለች። ልጁ የሚማረው የማንም ጭን ጭን መሆኑን ነው።

ከዚያ የቤት ሥራችንን ሰጠችን። ለጥቂት ወራት የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ የሚያነሳው፣ የሚያስተኛው ከሁለታችን በቀር ሌላ ሰው እንዳይሆን። ዘመድ ይምጣ፣ ያጫውተው፣ ግን አይቀፈው። ሲወድቅና ሲያለቅስ ወደ እኛ ይመልሰው። ያዘጋጀነው የአቀባበል ድግስም ተሰረዘ።

ይህ ለዘመድ አልተዋጠም። በተለይ አማቴ "ልጁን ደበቁብኝ" ብለው አኮረፉ። እኔ ብነግራቸው ምራቲቱ ከለከለችኝ ነው የሚሆነው። ባለሙያዋ ራሷ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ አማቴ መጥተው የታጠበ ልብስ ሲያጣጥፉ ዋሉ። ልጁ ተደናቅፎ ወደ እሳቸው ሲሮጥ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ መልሰው ሰበሰቡትና "እናትህ ጋ፣ የኔ ጌታ" አሉት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እሳቸውንም ይኸው አመሰግናለሁ።

የሌሊቱ ነገር ይለያል። ልጁ አያለቅስም ነበር። ጭራሽ። ተኝቷል ብዬ ሳየው ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል። ጥርሱን ያፋጫል እንጂ ድምፅ የለውም። ፋይሉ ላይ "ሰው የማያስቸግር" የተባለው ይኼ ነው። "አልቅሶ ማንም ያልመጣለት ልጅ ማልቀሱን ይተዋል" አለችኝ። "ስለዚህ እስኪጠራሽ አትጠብቂ። ሳይጠራሽ ሂጂለት።" ፍራሹን ከአልጋችን አጠገብ አነጠፍንለት። ሌሊት ነቅቼ በነካሁት ቁጥር፣ በቋንቋው "እዚህ ነኝ" የሚለውን ቃል እደግምለታለሁ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ዘልዬ ተነሳሁ። ልጄ ፍራሹ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ይጮኻል። ያመመው መስሎኝ አቅፌው ደወልኩላት። ጩኸቱን በስልኩ ትሰማለች። "ይኼ ልቅሶ ለማን ነው?" አለችኝ። "ለእኔ" አልኳት። "እንኳን ደስ አለሽ" አለችና ዘጋችው። መጀመሪያ ተናደድኩባት። ከዚያ ገባኝና እኔም ከእሱ ጋር አለቀስኩ።

ስለ ዳቦውም ልንገራችሁ። የካልሲውን መሳቢያ ስከፍት የደረቀ ዳቦ አገኘሁ። ትራሱ ሥርም አለ። ኪሱ ውስጥም። ተቆጣሁት፣ ወሰድኩበትም። እንዲህ ደንግጦ አይቼው አላውቅም። ስነግራት አልወቀሰችኝም። የራሱ የሆነ ክዳን ያለው ሣጥን ስጪው፣ ማታ ማታ እሱ እያየ ሙዪው፣ ጠዋት ጎደለም አልጎደለም ምንም አትበይ አለችኝ። ሦስት ወር ገደማ ሣጥኑን አቅፎ ዞረ። አንድ ቀን መኪናዎቹን ሲጨምርበት አየሁት። ዳቦውን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ።

የመጣበትን ሹራብም ያተረፈችልን እሷ ናት። እኔ ገና ከበሩ አውልቄ ላጥበው ነበር ያሰብኩት። "እንዳትነኪው" ብላ ቀድማ ደውላ ነበር። ከሚያውቀው ዓለም የቀረው ሽታ ያ ብቻ ነውና። ሽታው ጠፍቶም ለወራት ይዞት ይተኛ ነበር።

ከሐኪም ጉዳይ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። የክትባት ካርዱን እኛ አሥር ጊዜ አይተነዋል። እሷ አንዴ ገልጣ "ሁሉም ክትባት በወሩ 15ኛው ቀን ነው የተሰጠው?" አለች። እውነትም። ያውም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳያልፍ እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያውቅ የሕፃናት ሐኪም ያየው፣ ለክትባቱ ካርዱን ሳይሆን ደሙን ጠይቁ አለችን። ተመረመረ። ገሚሱን እንደ አዲስ ተከተበ። የአንጀት ጥገኛ ተገኘበት፣ የብረት ማነስም ነበረበት። በግራ ጆሮው ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። "አይሰማም፣ ግትር ነው" ስንለው የከረምነው ልጅ ለካ በእርግጥ አይሰማም። የቲቢና አንዳንድ የደም ምርመራዎች ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ተደግመዋል። ገና አዲስ የሆነ ሕመም መጀመሪያ ላይ ላይታይ ይችላልና።

ልጁ ከመምጣቱ በፊት በስልክ ሃያ የሚሆኑ ቃላት በቋንቋው እንድንሸመድድ አድርጋናለች። ውሃ፣ ያማል፣ በቃ፣ ሽንት፣ ጨለማ፣ እዚህ ነኝ። አነባበባችን አስቂኝ ቢሆንም ልጁ ገብቶት ነበር። በአምስተኛው ወር ግን በቋንቋው ስጠይቀው በእኛ ቋንቋ ይመልስልኝ ጀመር። በስምንተኛው ጭራሽ የማያውቀው ሆነ። ቀለለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ጥፋተኛነት ተሰማኝ። የሰረቅኩበት ነው የመሰለኝ። ያኔ በፈረንጆቹ 2014 ስለወጣ የሞንትሪያል ጥናት ነገረችኝ። በሕፃንነታቸው ከቻይና በጉዲፈቻ የሄዱ፣ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገሩና ቻይንኛ ፈጽሞ የማያስታውሱ ልጃገረዶች ነበሩ። የቻይንኛውን የድምፅ ቃና ሲሰሙ ግን አንጎላቸው ምላሽ የሰጠው ቋንቋውን እንደሚናገሩት ልጆች ነው። "አልጠፋም፣ ተቀምጧል" አለችኝ። ስሙንም አልቀየርንበትም። ይኼም የእሷ ምክር ነው። የእናቱን ስም የያዘውን ወረቀት፣ የሞግዚቶቹን ፎቶ፣ ያችን ሦስት ገጽ ሳትቀር ኮፒ አድርገን አንድ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠንለታል። ሲያድግ የእሱ ነው። የዜግነት ወረቀቱንም አስጨርሳናለች። አሜሪካ ውስጥ በጉዲፈቻ ለሄዱ ልጆች ዜግነት የሚሰጠውና በፈረንጆቹ 2001 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ያኔ ዕድሜያቸው ያለፈባቸውን ስላላካተተ፣ በልጅነታቸው በጉዲፈቻ ሄደው ጎልማሳ ሲሆኑ ዜጋ አለመሆናቸውን ያወቁ ሰዎች አሉ። ወላጆቻቸው አልቋል ብለው የተዉት ወረቀት ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። ሦስተኛው ጉብኝት ላይ ስለ ልጁ ሁሉን ጠይቃ ጨረሰች። ደብተሯን ዘጋችና "አንቺስ?" አለችኝ። ከመጣ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "አልወደድኩትም" አልኳት። እንዲህ ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አዝንለታለሁ፣ እንከባከበዋለሁ፣ ግን የሌላ ሰው ልጅ በአደራ እንደያዝኩ ነው የሚሰማኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶውን እያየሁ የወደድኩት ልጅ ሌላ፣ የመጣው ሌላ። ጠዋት መነሳት ያቅተኛል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቅሳለሁ። ይህን ያህል ለምኜ ያገኘሁትን እንዴት ብዬ ላማርር?

አልደነገጠችም። የወለደች እናት በድብርት ልትያዝ እንደምትችል ሁሉ በጉዲፈቻ ያመጣችም፣ አባትም ጭምር፣ ሊያዙ እንደሚችሉ ነገረችኝ። የታወቀ ነገር ነው፣ ሕክምናም አለው። "እሱ እናት አጥቷል፣ አገር አጥቷል። አንቺ እንቅልፍሽን አጥተሻል። ሁለት ሐዘንተኞች አንድ ቤት ገብታችሁ በአንድ ወር ካልተዋደድን ትላላችሁ?" አለችኝ። የማነጋግራት የሥነ ልቦና ባለሙያ አገናኘችኝ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ስልክ ሳልይዝ፣ እሱ የመረጠውን ጨዋታ አብሬው እንድጫወት አዘዘችኝ። ፍቅሩ መቼ እንደመጣ አላስታውስም። ብቻ አንድ ቀን የተላጠ ጉልበቱን ሳይ የእኔ አመመኝ።

እንከን የላትም እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። የጽሑፍ መልእክት አትመልስም። ሰዓት ላይ ችግር አለባት። ለልጁ የትውልድ አገር በየጊዜው መላክ ያለበትን ሪፖርት አንዴ አዘግይታው ሁለት ሳምንት አሳቅቃናለች። ሥርዓት ያለው ፋይል የሚፈልግ ሰው ያብዳል። ልጅ የሚያውቅ ሰው የሚፈልግ ግን ይታገሣታል።

እሷን ላገናኛችሁ አልችልም። አሁን የያዘቻቸው ቤተሰቦች ይበቋታል። ግን እንደ እሷ ያለ ሰው ፈልጉ፣ ያውም ልጁ ሳይመጣ። የሄግ ስምምነት አባል በሆነ አገር ሁሉ የጉዲፈቻ ጉዳይ የሚከታተል ማዕከላዊ ባለሥልጣን አለ። ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ከእሱ ጠይቁ። ድርጅቱ ጋ ስትደርሱ ደግሞ "ልጁ መቼ ይመጣል?" ከማለታችሁ በፊት "ከመጣ በኋላ ቤታችን የሚመጣው ማነው? ስንት ጊዜ? በሌሊትስ ለማን እንደውላለን?" በሉ። "ችግር ካለ ትደውላላችሁ" ብለው ካለፉት፣ እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ከጠየቋችሁም እንዲሁ።

ባለፈው ወር ለመጨረሻ ጊዜ መጣች። ፋይሉን ለመዝጋት ነው። እንደ ልማዷ አርባ ደቂቃ አርፍዳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ወለሉ ላይ ዘፍ አለችና እጇን ዘረጋችለት። ልጁ አላየኋትም ብሎ እግሬ ሥር ገባ። ቀሚሴን በሁለት እጁ ጨምድዶ በአንድ ዓይኑ ያያታል። "ሰላም በላት እንጂ፣ ታውቃታለህ" ብለው ወይ ፍንክች። አፈርኩ። ይቅርታ ልላት ቀና ስል እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ደብተሯን አውጥታ አንድ መስመር ጻፈችና ዘጋችው።