ፎቶዎችን በጅምላ ጥቁርና ነጭ ማድረግ፦ ኢሜጅማጂክ ወይስ ላይትሩም?

ኢሜጅማጂክ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፤ ነጻ ነው። አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፈህ ሙሉ ፎልደር ይለውጥልሃል። ለሰነድ ስካን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አደራ ግን፣ ሞግሪፋይ (mogrify) የሚለው ትእዛዝ ዋናውን ፎቶ ስለሚተካው መጀመሪያ ኮፒ አድርግ።

የሠርግ ፎቶ ላይ ግን አልወደድኩትም። ሌላ ካላዘዝከው ሁሉንም ፎቶ በአንድ ሚዛን ነው ወደ ግራጫ የሚለውጠው፤ የግራጫውን ድምቀት ሲያሰላ ለአረንጓዴ 72 በመቶ፣ ለቀይ 21፣ ለሰማያዊ 7 ገደማ ይሰጣል። የሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት ላይ ደማቁ ቀይና ጠቆር ያለው አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። የሸማኔው ልፋት ድራሹ ጠፋ! በጣም አሳዘነኝ።

ላይትሩም የአዶቤ ኩባንያ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፤ ይከፈልበታል። ግን ለ8 ቀለሞች ለየብቻ ማንሸራተቻ አለው። አረንጓዴውን ዝቅ ሳደርግ ጥለቱ ወጣ፤ ብርቱካናማውን ከፍ ሳደርግ ፊቷ ፈካ። ከዚያ ሲንክ (ማስተካከያውን ወደ ሌሎች ፎቶዎች መገልበጫ) ብዬ ለቀሩት ፎቶዎች አዳረስኩት። ዋናዎቹ ፋይሎች አልተነኩም።