ዳታ ቢበሉም የማያስቆጩ የአሜሪካ ፖድካስቶች

ስለ አሜሪካ የምንሰማው አብዛኛው ነገር ወይ ዲቪ ነው ወይ ፊልም። በመሃል ያለው ሕዝብ አይሰማም። ጥቁሩ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ላቲኖው፣ እስር ቤት ያለው፣ አካል ጉዳተኛው በራሱ አፍ «እኔ እንዲህ ነኝ፣ ይሄን ሠርቻለሁ» ሲል መስማት የሚፈልግ ሰው የት ይሂድ? እኔ ፖድካስት ነው የምለው፣ ከኢንተርኔት ወርዶ እንደ ሬዲዮ የሚሰማውን ፕሮግራም። ባሕር ዳር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ የቋንቋ ክበባችን ልጆችም «የቱን እናውርድ?» እያሉ ሁሌ ይጠይቁኛል። ለነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የምጽፈው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

መለኪያዬ አንድ ነው። ባለታሪኩ ራሱ ያወራል ወይስ ስለ እሱ ይወራል? ሌላው ሁሉ፣ የድምፅ ጥራቱም፣ የአቅራቢው ዝናም፣ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በዚህ መለኪያ አንደኛ የምለው «ዚስ ላንድ» ነው። የወጣው በ2019 ነው። አቅራቢዋ ሪቤካ ኔግል ራሷ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቸሮኪ ሕዝብ አባል ናት። ታሪኩ የሚነሳው በ1999 ኦክላሆማ ውስጥ ገጠር መንገድ ዳር ከተፈጸመ ግድያ ነው። ገዳዩ ሞት ተፈረደበት። ጠበቆቹ ግን ማንም ያልጠበቀውን ጥያቄ አነሱ። ግድያው የተፈጸመበት መሬት የማን ነው? ማስኮጊ ለሚባለው ሌላ ነባር ሕዝብ በውል የተሰጠው መሬት ከሆነና ያ ውል ፈርሶ የማያውቅ ከሆነ የኦክላሆማ ግዛት ፍርድ ቤት ምን አግብቶት ፈረደ? በአንድ ሰው ሞት የተጀመረ ክስ የግዛቲቱን ምሥራቃዊ ግማሽ የሚነካ ጉዳይ ሆኖ አረፈው።

ይሄን ለመረዳት ጎጃሜ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ርስት ምን እንደሆነ ከቤቱ ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ሰበብ የጎጃም ገበሬ የተነሳው ብሩ ስለከበደው ብቻ አልነበረም፣ ዛሬ ግብር ብለው የመጡ ነገ መሬቴን ለክተው ርስቴን ይወስዱብኛል ብሎ ሰግቶም ነው። ስለዚህ ሪቤካ በአሮጌ ውል ውስጥ ያለን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛ ስትሟገት የኛ ሰው ጆሮውን ይሰጣታል።

ግን እኔን የያዘኝ ሙግቱ አይደለም። ስለ ራሷ ቤተሰብ የምታወራበት ክፍል አለ። በ1835 የቸሮኪን ምድር ለአሜሪካ መንግሥት አሳልፎ የሰጠውን ውል ከፈረሙት መካከል የሷ ቅድመ አያቶች አሉበት። ሜጀር ሪጅና ልጁ ጆን ሪጅ ይባላሉ። በ1838 ወታደር መጣና 16 ሺህ ያህል ቸሮኪዎችን ከቀያቸው ነቅሎ ወደ ምዕራብ ነዳቸው። በዚያ መከራ ያለቁት ብዙ ጊዜ 4 ሺህ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። በ1839 ሁለቱን ፈራሚዎች የገዛ ወገኖቻቸው ገደሏቸው። ሪቤካ ይሄን ዘልላ ማለፍ ትችል ነበር። «ሕዝቤ ጀግና ነው» ብላ ብቻ ብትጨርሰው ማንም አይጠይቃትም። እሷ ግን ቁጭ ብላ አባቶቼ ለምን ፈረሙ፣ ምን ታይቷቸው ነበር፣ ጥፋታቸውስ ምን ድረስ ነው እያለች ትመረምራለች። በማንነቷ የምትኮራ ሰው የቤቷን ቁስል እንዲህ ስትገልጥ መስማት ከባድ ነው፣ ደግሞም ኩራቷን እንዳምናት ያደረገኝ ይሄው ነው።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ የመጨረሻው ፍርድ ገና አልተሰጠም ነበር። በሐምሌ 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተመሳሳይ ክስ ላይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለማስኮጊ ሕዝብ ፈረደ። የማስኮጊ ክልል ፈርሶ አያውቅም አለ። ያንን አውቆ ወደ ኋላ ተመልሶ መስማት ሌላ ጣዕም አለው። ሁለተኛው ዙር በ2021 የወጣ ሲሆን የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወገናቸው ተነጥለው በጉዲፈቻ እንዳይወሰዱ ስለሚከላከለው የ1978ቱ ሕግ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ሕግ ሕግ ይበዛበታል፣ ልጆቹ መሃል ላይ ይደክማሉ።

ቀጥሎ «ኢር ሃስል»። ካሊፎርኒያ ሳን ክዊንቲን በሚባለው እስር ቤት ግቢ ውስጥ የተጀመረ ፖድካስት ነው፣ በ2017። ጀማሪዎቹ ታራሚዎቹ ኧርሎን ዉድስና አንትዋን ዊሊያምስ፣ ከውጭ ደግሞ በበጎ ፈቃድ የምትመጣው የፎቶ አርቲስት ናይጄል ፑር ናቸው። ስለ እስር ቤት ስትሰሙ ወንጀል ብቻ ይመስላችኋል አይደል? እዚህ ግን ስለ ክፍል ተጋሪ ነው የሚያወሩት፣ ስለ እናት ጥየቃ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ አይጥና ነፍሳት ስለሚያሳድግ ሰውዬ። የእስር ቤቱ ቃል አቀባይ የነበሩት ሌተናንት ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ቀድመው ሰምተው በራሳቸው ድምፅ «አጽድቄዋለሁ» ይላሉ። ያቺ ድምፅ ስትመጣ ሁሌ ቆም ብዬ አስባለሁ። እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ፈቃድ ተሰጥቷቸው ነው፣ እንዲያም ሆኖ ይሄን ያህል እውነት ወጥቷል። ኧርሎን 31 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ነበር። በ2018 የግዛቲቱ ገዥ ጄሪ ብራውን ፍርዱን አቀለሉለትና ወጣ፣ ከዚያም ሥራውን ከውጭ ሆኖ ቀጠለ። የስንብቱን ክፍል ሰምቶ ፊቱ የማይፈታ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ስድብ አለው፣ አንዳንዱ ርዕስም ለልጅ አይሆንም። ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አትክፈቱት፣ በኤርፎን ይሁን።

ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው «ስዋቭ» ነው። ያዘጋጀችው «ላቲኖ ዩኤስኤ»ን ከ1993 ጀምሮ የምታቀርበው ማሪያ ሂኖሆሳ ናት፣ ሜክሲኮ ተወልዳ ቺካጎ ያደገች። ዴቪድ ሉዊስ ጎንዛሌዝ የሚባል ሰው (ስዋቭ ቅጽል ስሙ ነው) ገና በልጅነቱ ያለ ምሕረት ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት እሷ እስር ቤቱን ልትጎበኝ ስትሄድ ይተዋወቃሉ። ከዚያ ደብዳቤ፣ ስልክ፣ እንደገና ደብዳቤ፣ ብዙ ዓመት። በ2017 ወጣ። መውጣቱ ግን የታሪኩ መጨረሻ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው በር ሲከፍትለት የኖረ ሰው የራሱን በር መክፈት መልመድ አለበት። ፖድካስቱ በ2022 ትልቁን የጋዜጠኝነት ሽልማት ፑሊትዘርን አግኝቷል፣ ይገባዋልም። «ላቲኖ ዩኤስኤ» ራሱ ግን ክፍል ከክፍል ይለያያል። ርዕሱን አይታችሁ ምረጡ።

«1619» አጭር ስለሆነ በሁለት ማታ ያልቃል። ኒኮል ሃና ጆንስ በ2019 ያወጣችው ነው፣ አፍሪካውያን በባርነት ቨርጂኒያ የደረሱበት 400ኛ ዓመት ላይ። ከዚህ ውስጥ የምወደው የመጨረሻውን ታሪክ ነው፣ ሉዊዚያና ውስጥ ሸንኮራ አገዳ የሚያመርቱ ጥቁር ባልና ሚስት መሬታቸውን እንዴት እንዳጡ የሚናገሩበትን። ገበሬ ገበሬ ነው፣ ብድር በጊዜ ሳይደርስ እርሻው ሲያልፍ ያለው ጭንቀት የትም አንድ ነው። መታወቅ ያለበት ግን ይሄ ፖድካስት የወጣበትን የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ፕሮጀክት አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ተችተውታል፣ ጋዜጣውም ስለ አሜሪካ አብዮት መነሻ የጻፈውን አንድ አባባል በ2020 አለዝቦታል። ስሙት፣ ግን እሱን ብቻ ሰምታችሁ የአሜሪካን ታሪክ ጨረስን አትበሉ።

ስለ ዘርና ማንነት የሚያወራው «ኮድ ስዊች» ትልቁ ስም ነው። በ2020 አፕል የዓመቱ ምርጥ ብሎ የመረጠው ነው፣ ያኔ ሽልማቱ ገና መጀመሩ ነበር። ብልህ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው፣ አቅራቢዎቹም የሚያወሩትን ኑሮ ራሳቸው የኖሩ ናቸው። ችግሩ ለኛ ፈጣን ነው። አሜሪካ ያላደገ ሰው የማያውቀውን ዘፋኝ፣ ተከታታይ ድራማና ፖለቲከኛ ሳያስተዋውቁ ይጠሩና ይስቃሉ። የክበቤ ልጆች በዚህ ተሰላችተው ሲተዉት አይቻለሁ። እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ ለኋላ አቆዩት።

ስለ ፌብሩዋሪ ክፍሎች አንድ ነገር ልበል። የታሪክ ምሁሩ ካርተር ዉድሰን በ1926 ፌብሩዋሪ ላይ የጀመረው የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት በ1976 ወር ሆነ፣ ዛሬ በዚያ ወር ብዙ ፖድካስት «የመጀመሪያው ጥቁር እንዲህ፣ የመጀመሪያዋ ጥቁር እንዲያ» እያለ በጥድፊያ ስም ይደረድራል። ውዳሴ ብቻ ነው። ሰውየው ማን ከለከለው፣ ማን አገዘው፣ በምን ተቸገረ፣ ምንም የለም። ስኬቱ እንዴት እንደመጣ ካልተነገረኝ እኔ ምን ልይዝ? እነዚህን አታውርዱ።

ደግሞ የሚቆጨኝ አለ። ጆን ሮቢንሰን የሚባል የቺካጎ ጥቁር አብራሪ በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲል መጥቶ የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆኖ አገለገለ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪ አሠለጠነልን። በ1954 አዲስ አበባ ነው ያረፈው። እኔ ከሰማኋቸው ክፍሎች በአንዱም ስሙ አልተነሳም። ስለ ጥቁር አሜሪካዊ ስኬት የሚወራ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ አለ? ከአሜሪካ ድንበር የወጣ ነገር ላይ ሁሉም ደካማ ናቸው፣ ይሄ በጥቅሉ ያለባቸው ትልቁ ጉድለት ነው።

«ዲስአቢሊቲ ቪዚቢሊቲ» በ2021 አብቅቷል፣ የድሮዎቹ ክፍሎች ግን ይገኛሉ። አሊስ ዎንግ ናት ያዘጋጀችው፣ የጡንቻ መድከም ሕመም የነበረባት የሳን ፍራንሲስኮ ሴት። የምትተነፍሰው በመሣሪያ እየታገዘች ስለነበር ድምፁ ከንግግሯ ጋር አብሮ ይሰማል። ሬዲዮ የለመደው ለስላሳ ድምፅ ብቻ መሆኑን ነው ትቃወም የነበረው፣ ስለዚህ የሚንተባተበውም፣ በማሽን የሚናገረውም እንዳለ ይቀርባል። መጀመሪያ ጆሮ ይከብደዋል። ትንሽ ሲቆይ የሚባለውን ብቻ ነው የምትሰሙት። የሁሉም ክፍል ጽሑፍ አብሮ ስላለ እያነበቡ ለመስማት ከሁሉም የተመቸ ነው።

«ስቶሪኮርፕስ»ን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ለኛ በጣም የሚጠቅመን እሱ ስለሆነ ነው። በ2003 ኒውዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ትንሽ ክፍል ሠርተው ጀመሩ። የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይገባሉ፣ 40 ደቂቃ ያወራሉ፣ ይቀዳል፣ ቅጂው ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ጋዜጠኛ የለም። ልጅ አባቷን ትጠይቃለች፣ ባል ሚስቱን። የሚለቀቀው ከዚያ ተቆርጦ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዳታም አይበላም፣ እንግሊዝኛውም የቤት ወሬ ነው።

ይሄን ከሰማን በኋላ ከክበባችን ልጆች አንዷ አያቷን በስልኳ ቀዳች። የነገደ ወይጦ ልጅ ናት። እዚህ ታና ዳር ስንት ዘመን አብረውን ሲኖሩ ጥንት ጉማሬ ያድኑ ነበር ተብሎ ማዕድ የማይጋራቸው ሰው እንደነበረ የምናውቅ እናውቀዋለን፣ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳውን የደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ መሆናቸውን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ቅጂው ላይ ሽማግሌው እየሠሩ ነው የሚያወሩት። ደንገሉ ሲጠብቅ ሲንቋቋ ይሰማል። ካልደረቀ እንደሚከብድ፣ ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ እንደሚሰበር፣ ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ እንዳለበት ይነግሯታል። ቀጥላ «አባባ፣ ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር?» አለቻቸው። «ማን አጠገቡ ያስቀምጠናል ብለሽ ነው፣ ልጄ» አሉ። ልጅቷ አላቋረጠችም፣ አልቸኮለችም፣ ዝም ብላ ጠበቀች። ሌላ ብዙ ነገር ያወሩት ከዚያ በኋላ ነው። ያንን መጠበቅ ከስቶሪኮርፕስ ነው የተማረችው፣ እኔ ክፍል ውስጥ አስተምሬው የማላውቀውን።

አሁን ስለ አጠቃቀሙ። አብዛኛው በነጻ ነው። ስፖቲፋይ ላይም፣ በየራሳቸው ድረ ገጽም አሉ። እዛው ኦንላይን ለመስማት አትሞክሩ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያናድዳል፣ መብራትም ሲሄድ ቀኑ ያልቃል። ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ ወይም የሌሊት ፓኬጅ ስትገዙ አውርዳችሁ አስቀምጡ። አንድ ሙሉ ክፍል ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ እኛ ክበብ ውስጥ እንደዚያ ነው የምንሰማው። ማስታወቂያ አለው፣ መጀመሪያና መሃል ላይ፣ አንዳንዱም የሚያሰለች ነው፣ ወደፊት መግፋት ነው።

እንግሊዝኛ ለሚለማመድ ስቶሪኮርፕስ ይቅደም፣ ከዚያ አሊስ ዎንግን ጽሑፉን ከፍቶ። ሻል ያለ ላለው «ኢር ሃስል» ወይም «ስዋቭ»። አንድ ብቻ ነው የምሰማው የሚል ካለ «ዚስ ላንድ»ን የመጀመሪያውን ዙር ይውሰድ። ክፍሎቹ ተያያዥ ናቸውና ከአንደኛው ጀምሩ፣ ከመሃል ከከፈታችሁት ማን ማንን እንደከሰሰ ይጠፋባችኋል።