በሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፦ ምስጋና እና ጥቆማ

እኛ አዋላጆችና የሕፃናት ነርሶች ነን። ዛሬ የምናመሰግነው ከእኛ አስቀድመው የአራሷን ደጃፍ የሚረግጡትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነው፤ በመንዝ፣ በአንኮበር፣ በጣርማበርና በባሶና ወራና ገደል ወርደው ዳገት ወጥተው ቤት ለቤት የሚዞሩትን። እግዚአብሔር ይስጥልን። ምስጋናው ባዶውን እንዳይቀር፣ ምን እንደሚሠሩና በምን ልታግዟቸው እንደምትችሉ አብረን እንጽፋለን።

በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 48 ወርዷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው ብለን እናምናለን። ነገር ግን ከ48ቱ 29ኙ የሞቱት ገና የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ነው። አሁን የቀረው ትልቁ ሥራ አራስ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

አራስ ቤት ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ እናትና ልጅ ከደጅ አይወጡም፤ ምች ይመታቸዋል፣ ዓይን ያያቸዋል ይባላል። ይህን መንቀፍ ፋይዳ የለውም። ጨቅላው ወደ ጤና ጣቢያ ካልመጣ ባለሙያዋ ትሄድለታለች፦ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን፣ ከዚያ በ6ኛው ሳምንት። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያመልጧትም እነዚያው ናቸው፣ መወለዱን የነገራት ሰው የለማ! በተለይ እናትየዋ ጤና ጣቢያ ወልዳ በማግስቱ ስትመለስ ቤተሰቡ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማችን ለአባቶችና ለአያቶች ነው፤ ስልኳን ገና በእርግዝናው ጊዜ ያዙ፣ ልጁ በተወለደ ዕለት ደውሉላት። ኔትወርክ ከሌለ በሴቶች ልማት ቡድን፣ ማለትም በጎረቤት ሴቶች አደረጃጀት፣ በኩል ላኩባት።

በደጋው ቀዳሚው ጠላት ብርድ ነው። መንዝ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቀበሌ ብዙ ነው፤ እዚያ ጨቅላ በባና ተጠቅልሎም ይቀዘቅዛል። ልብስ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ አዲስ ሙቀት አይሰጥም፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ ከራሱ የሚያወጣው ሙቀት አይበቃውም። ባለሙያዋ ቴርሞሜትሩን ብብቱ ሥር ታደርጋለች። ከ36.5 ዲግሪ በታች ከሆነ ቀዝቅዟል፤ ከ35.5 በታች ከሆነ አደገኛ ምልክት ነውና ሕክምና ያስፈልገዋል። የምታሞቀው በእናቱ ገላ ነው። ኮፍያውን፣ ካልሲውንና የሽንት ጨርቁን ብቻ ትታ ሌላውን ታወልቅለታለች፣ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ አድርጋ ደረት ለደረት ታስተኛዋለች። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ይከፈታሉ፣ ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይደፋም፣ አለበለዚያ ትንፋሹ ይታፈናል። ከዚያ ሁለቱን በነጠላ ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፤ የነጠላው ጠርዝ ከጆሮው ሥር ይውላል፣ ጋቢው ወይም ባናው በላዩ ይደረባል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ጊዜው ነው። ለጥቂት ሰዓት ታቅፎ ይበቃዋል ተብሎ ይወርዳል። ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ልጅ በተቻለ መጠን ቀንም ሌሊትም እንዲሁ መታቀፍ አለበት፤ እናት ስትደክም አባት ወይም አያት ይተኳታል። ከ1,500 ግራም በታች ከሆነ ግን እንደታቀፈ ፈጥኖ ሆስፒታል ይሂድ። ገላውን ከ24 ሰዓት በፊት አታጥቡት። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ፣ እንገሩ አይፍሰስ፣ ቅቤም ስኳር ውሃም አይቅመስ። የቀዘቀዘ ልጅ መጥባት ያቅተዋል፣ ያልጠባ ደግሞ ይብስ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ በአንድ ሌሊት ልጅ ያሳጣል።

ትንፋሽ መቁጠር ሌላው ሙያዋ ነው። ልጁ ጸጥ ባለበት ልብሱን ገልጣ ደረትና ሆዱን እያየች ሙሉ 60 ሴኮንድ ትቆጥራለች። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሠራም፤ ጨቅላ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለ ነውና የሚተነፍሰው። 60 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘች ደግማ ትቆጥራለች። ያው ከሆነ፣ ወይም መጥባት ካቆመ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ትኩሳቱ 37.5 ከደረሰ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ትልከዋለች። ከባድ ኢንፌክሽን ሆኖ ቤተሰቡ መሄድ የማይችል ከሆነ ጄንታማይሲን መርፌ በቀን አንዴ፣ አሞክሲሲሊን በአፍ በቀን ሁለቴ፣ ለ7 ቀን ራሷ ታክመዋለች። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ልጁ ቀና ሲል «መርፌው ይብቃው» ማለት ይመጣል። አይበቃውም፤ ሳይጨርስ ካቆመ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። 7ቱንም ቀን በራችሁን ክፈቱላት።

እትብቱ ላይ ቅቤም እበትም አይደረግ። ክሎርሄክሲዲን ጄል ከተሰጣችሁ በቀን አንዴ ለ7 ቀን እትብቱ ላይ ብቻ ይቀባል። የዓይን ቅባቱ ቴትራሳይክሊንም በቱቦ ስለሚመጣ ሁለቱን አንድ ቦታ አታስቀምጡ፤ ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል።

ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ ተቅማጥና ወባ ይበረታሉ። አንዱ የኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት) ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፤ በባለ አንድ ሊትሩ የሃይላንድ ጠርሙስ መለካት ይቻላል። በስኒ ከፋፍሎ መበጥበጥ ጨውን ሊያበዛው ይችላል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። የዚንክ እንክብሉም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ በየቀኑ አንዴ እየተሰጠ 10 ቀን ይሙላ፤ ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ላለ 20።

ለመርዳት ለምትፈልጉ፣ በደብረ ብርሃንም በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ላላችሁ፤ የዱቄት ወተት አትላኩ። ንጹህ ውሃ በሌለበት ጡጦ ተቅማጥ ነው፣ የእናትንም ጡት ያደርቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ኢንኩቤተር (የጨቅላ ማሞቂያ ማሽን) ዕቃ ቤት ይዘጋበታል። መድኃኒት በሻንጣ አይምጣ። ከዚህ ይልቅ ዲጂታል ቴርሞሜትርና የሚስማማው ባትሪ፣ የትንፋሽ መቁጠሪያ ሰዓት፣ የሕፃን ሚዛን ከነማንጠልጠያ ጨርቁ፣ ለክረምቱ ቦቲና የዝናብ ልብስ፣ ለሌሊት ጥሪ የእጅ ባትሪ ይጠቅማታል። ሩቅ ቀበሌ ያለች ነፍሰ ጡር ቀኗን የምትጠብቅበትን የጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያም አስቡት፤ እህል፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ማገዶና ብርድ ልብስ ከሌለው እናቶች አያድሩበትም። ዕድሮች ይህን በየወሩ በተራ ቢይዙት የአንድ ሰው ጫና አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያውን የጎደለውን ዝርዝር ጠይቁ፣ ስታስረክቡም በሞዴል (በመንግሥት የንብረት መቀበያ ደረሰኝ) ተመዝግቦ ገቢ ይሁን። ብርድ ልብሱን ከጥቅምት በፊት አድርሱት፤ ውርጩ የሚጠነክረው ከዚያ ወዲያ ነው።