ሰሜን ሸዋ ዘር ቆጠራ፦ ለማን ብትከፍሉ ይሻላል?

ከሲያትል ተነስቼ ሰሜን ሸዋ የሄድኩት የአባቴን ወገን ዘር ለመቁጠር ነው። አባቴ አዲስ አበባ ኖሮ አዲስ አበባ አረፈ። አያቴ ግን የእነዋሪ ሰው ነበሩ፤ የሞረትና ጅሩ ወረዳ። ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚባል ነገር ነበር፦ «እኛ ጅሩዎች አይደለንም፤ ከመንዝ ነው የመጣነው።» መቼ? ለምን? ከመንዝስ የት? የሚመልስ አልነበረም። ይህን ለማወቅ ስል ብዙ ዓይነት አገልግሎት ገዛሁ። ተመሳሳይ መንገድ ለምታስቡ ሰዎች የረዳኝንም ያልረዳኝንም ልንገራችሁ።

የዘረመል ምርመራውን በአጭሩ ልለፈው። ምራቅ ልኬ የመጣልኝ ውጤት ኢትዮጵያንና ኤርትራን አንድ ላይ በቀለም የሸፈነ ካርታ ነው። መንዝና ጅሩን አይለይም። ዘመድ አገናኝቶ የሚያሳየውም ያ ዘመድ ራሱ ከተመረመረ ብቻ ነው። እነዋሪ ያሉት ዘመዶቼ ምራቃቸውን ለማንም አልላኩም።

አዲስ አበባ ያለው አስጎብኚ ድርጅት ግን አሳዝኖኛል። ስሙን አልጠቅስም። «የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ» ብለው የሸጡልኝ ከተራ ጉብኝት አይለይም። አንኮበር ወጣን፤ ጣርማበር ላይ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አየን። አገሩ ውብ ነው፤ በማየቴ አልቆጭም። እነዋሪ የደረስነው በመጨረሻው ቀን ነበር። አስጎብኚው ልጅ አንድ አባት ቤት ይዞኝ ገባና ገና ሳንቀመጥ «የእሷን ቅድመ አያት ያውቋቸዋል?» አላቸው። «አላውቅም» አሉ። አመስግነን ወጣን። እኚያው ሰው በኋላ የአባቴ የአክስት ልጅ ሆነው ተገኙ።

ዋሽተውኝ አይደለም። እዚያ አገር ዘር ማለት መሬት ነበር። በመንዝም ሆነ በአካባቢው ከ1967 ዓ.ም. በፊት መሬት የሚገኘው በአጽመ ርስት ነው። መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ የደረሰ ሰው፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል፣ ድርሻ ይጠይቃል። መቁጠር ያልቻለ በሙግት ይረታል። ስለዚህ ከመኪና ወርዶ «ቅድመ አያቴን ያውቃሉ?» የሚል እንግዳ ለእሳቸው ዕድሜ ሰው ዘመድ ፈላጊ አይመስልም። ባለጉዳይ ነው የሚመስለው።

ወረቀት ላይም ብዙ ተስፋ አትጣሉ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የገበሬው የይዞታ ደብተር የሚናገረው ዛሬ መሬቱን ስለያዘው ሰው ነው፤ ወደ ኋላ አይሄድም። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ጨዋዎች ናቸው፣ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ግን የሚሰጡኝ ነገር አልነበራቸውም። አዲስ አበባ ያለው ወመዘክርም (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ቢሆን ለአገር ታሪክ እንጂ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ብዙም አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሁሉን ነገር የቀየሩልኝ እነዋሪ ያገኘኋቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የአንድ ቤተሰብ ወዳጅ ነው ያገናኘኝ። ቢሮ የላቸውም፣ ማስታወቂያ የላቸውም። በስልክ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ክፍያ አልነበረም። «የአያትሽን የክርስትና ስም ታውቂያለሽ? አጥቢያቸውስ ማን ነው? የሴት አያትሽ አባትስ?» አሉኝ። የክርስትና ስሙን አክስቴ ታውቅ ነበር፤ ከተዝካሩ ጊዜ ጀምሮ ይዛዋለች። 

መጀመሪያ ቀን ምንም አልጠየቅንም። መምህሩ አስቀድመው «ዛሬ ጥያቄ የለም» ብለውኛል። ቡናና ስኳር፣ ለሽማግሌው ደግሞ ጋቢ ይዘን እኚያው «አላውቅም» ያሉኝ አባት ቤት ገባን። ገንዘብ በእጅ መስጠት ነውር ነው ብለው ከለከሉኝ፤ ልክ ናቸው። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ስናገር ዝም ብለው አዩኝ። «ያ የሰገሌ ዓመት የተወለደው ሰውዬ ልጅ?» የሰገሌ ጦርነት የሆነው በ1909 ዓ.ም. ነው። አያቴ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተወለዱ ያወቅኩት በዚያች አፍታ ነው።

በማግስቱ ቆጠሩልኝ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ፣ እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌ እከሌን ወለደ እያሉ ወደ ላይ ወጡ። አያቴ፣ ቅድመ አያቴ፣ ምንጅላቴ። እዚያ ላይ ጣታቸው ቆመ። «የመጣው ይኼ ነው። ከክፉ ቀን በኋላ።»

ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። የከብት በሽታው አገር ምድሩን በሬ አልባ አደረገ፤ ረኃቡ ተከተለ። የምንጅላቴ በሬዎችም አለቁ። ታዲያ ለምን ጅሩ? ይህን ስጠይቅ ሽማግሌው በጥያቄዬ ተገረሙ። «የሚስቱ አገር ነዋ!» የምንጅላቴ ሚስት የጅሩ ባለርስት ልጅ ነበሩ። የመጣው በእሳቸው ድርሻ ላይ ነው። ለካስ «እኛ ጅሩዎች አይደለንም» ስንል የኖርነው በወንዱ በኩል ብቻ ቆጥረን ነው። በእናት በኩል ጅሩ አገራችን ነው፤ ያረስነውም ያበላንም የእሳቸው መሬት ነው። የእኚያን ሴት ስም በቤታችን ማንም አንስቶት አያውቅም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ የያዙት በሙግት ምክንያት ነው። ጅሩ እየኖሩ መንዝ ያለውን ድርሻ ለመጠየቅ አባታቸው ይመላለሱ ነበር፤ ልጁንም ያስቆጥሩት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን መቁጠሩ ጥቅሙ ቀረ። ከእሳቸው ልጆች መካከል ከቅድመ አያት በላይ የሚያውቅ የለም። መሄድ የምታስቡ ካላችሁ በዚህ ምክንያት አትዘግዩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያለ መምህሩ አልሄድኩም። አስተዳዳሪውን አስቀድመው አስፈቅደው ነበር። አንድ ካህን የብራና ወንጌል አውጥተው መጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈውን አነበቡልን። ስጦታ ነው፤ አንድ በሬ ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጡ ባልና ሚስት። የባልየው የክርስትና ስም ሽማግሌው የምንጅላቴ ነው ብለው የነገሩኝ ነው። ከጎኑ የሚስቱ ስም አለ። ቀለሙ ቀይ፣ ጽሕፈቱ ደቃቅ፣ ዳሩ ላይ ሰም ጠብ ብሎበታል። በሬ አጥቶ የመጣ ሰው በሬ ሰጠ። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም፤ የቤተሰብ ነው። ፎቶ ማንሳት የቻልኩት ተፈቅዶልኝ ነው። መንገድ ላይ «የድሮ ብራና እንሽጥላችሁ» የሚሏችሁ ካሉ እለፏቸው። ቅርስ ከአገር ማውጣት በሕግ ክልክል ነው፤ ምናልባትም የሌላ ሰው አያት ስም ያለበት ነው።

ስለ መኪና፦ ደብረ ብርሃን ድረስ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ ከላምበረት የሕዝብ ትራንስፖርት ይበቃል። መኪና ከደብረ ብርሃን ብትከራዩ ይሻላል፤ ሾፌሩ የአገሩ ሰው ይሆናል። የጅሩ አፈር መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው። ለስንዴና ለምስር የተባረከ ቢሆንም በክረምት ትንሽ መኪና ይውጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰዉ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው፤ ቤት አታገኙትም። ጥር ምርጥ ነው፤ ለጥምቀትና ለሠርግ ዘመድ ይሰበሰባል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም የአገሩን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ደብረ ብርሃን ያረፍኩበት ሆቴል ሙቅ ውኃ አለ ብሎ የለም። ከተማው ብርዳም ነው፤ ወፍራም ልብስ ያዙ።

መንዝ በሦስት ይከፈላል፦ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር። ሽማግሌው ጌራ ብለውኝ ስለነበር ወደ መሐል ሜዳ ወጣሁ። ያደርኩት ጓሳ በሚባለው የመንዝ የሣር ምድር፣ በጓሳ ማኅበረሰብ ሎጅ ነው። ከአገልግሎቶቹ ሁሉ ያለ ማመንታት የማመሰግነው ይኼን ነው። ማኅበረሰቡ ራሱ ያስተዳድረዋል፣ ምግብ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ደጃፍ ላይ ሣር ይነጫሉ። አብሮኝ የዞረው የጥበቃ ሠራተኛ የጓሳውን ሥርዓት አስረዳኝ። ሣሩን የማጨድ መብት በዘር ነበር፤ የአቅኚዎቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ትውልድ ነኝ ብሎ የቆጠረ ነው የሚያጭደው። ይህ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 ዘልቋል። የኔ ምንጅላት እዚያ ያጭድ ነበር? ጌራ ውስጥ ያሉት አዛውንት ስሙን ያውቁታል፤ «ወደ ቆላው የወረደው» ይሉታል። ከሱ በላይ ሁለት አባት ጨመሩልኝ። ከዚያ በኋላ ቆጠራቸው ተለያየ፤ እኔም አልደፈርኩም።

የቀረኝ ሌላው ቅርንጫፍ ነው። የአያቴ ወንድም ልጆች በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ወደ ምዕራብ ተወስደዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው የለም። መምህሩ አብረው ተወስደው የተመለሱ ሰዎችን እየጠየቁልኝ ነው። ክፍያቸውን እህቴ በቴሌብር ትልክላቸዋለች። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ይደውላሉ፤ ባለፈው እሑድ አንድ የሰፈራ ጣቢያ ስም ይዘው ነበር።