ሴዛን ወይስ ቫን ጎህ፦ የማን አሻራ ይበልጥ ጠለቀ?

ሁለቱም ሠዓሊዎች ከኢምፕሬሽኒስቶች (የብርሃንን ቅጽበታዊ ገጽታ ከሚሥሉ የፈረንሳይ ሠዓሊዎች) ብዙ ተምረው ወደየራሳቸው መንገድ ሄዱ። ፖል ሴዛን የሚያየውን በእርጋታ ገነባው፤ ቪንሰንት ቫን ጎህ ስሜቱን በቀለም ገለጠው። ከሁለቱ ማንን ታስቀድማለህ ብትሉኝ መልሴ ሴዛን ነው፤ ለተከታዮቹ ነገሮችን የማየት አዲስ ዘዴ ሰጥቷቸዋልና።

የሴዛንን የፍራፍሬ ሥዕሎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የጠረጴዛው ጠርዝ በጨርቁ ግራና ቀኝ አይገጥምም። ይህ የእጅ ስህተት አይደለም፤ ሠዓሊው አንዱን ነገር ከተለያየ አቅጣጫ ማየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አረፈ፤ በማግስቱ ዓመት ሥራዎቹ ፓሪስ ውስጥ በሰፊው ታዩ። በ1908 ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጆርጅ ብራክ ሴዛን ይሥልበት በነበረው በደቡብ ፈረንሳዩ መንደር በሌስታክ ቤቶችን እንደ ሳጥን ሣለ፤ ከፒካሶ ጋርም ኩቢዝምን፣ ማለትም ነገሮችን በጂኦሜትሪ ቅርጾች ከፋፍሎ የሚያሳየውን የሥዕል ስልት፣ መሠረቱ። ሠዓሊው ማቲስማ በ1899 የገዛውን የሴዛን ሥዕል ከሠላሳ ዓመት በላይ አልተለየውም። በ1936 ለፓሪስ ከተማ ሙዚየም ሲሰጠው በሥዕል ሕይወቱ ብርታት እንደሆነው መስክሯል። እንዲህ ያለ ፍቅር ልቤን ይነካዋል።

የቫን ጎህ ውርስ ድፍረት ነው። በ1901 ፓሪስ ላይ የታየው የሥዕሎቹ ዐውደ ርእይ ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ቭላማንክን አናወጠው፤ በ1905 ደግሞ የቫን ጎህ ሥዕሎች የጀርመኗን ከተማ የድሬስደንን ወጣት ሠዓሊዎች አነሣሡ። የውስጥ ስሜትን በደማቅ ቀለምና በተዛባ ቅርጽ የሚገልጸው የጀርመን ኤክስፕረሽኒዝም ከዚህ ብዙ ቀድቷል። ጀርመን፣ ኮሎኝ የተማረው የእኛው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች ውስጥም የዚያ ጅረት ጉልበት ይታየኛል።