የ40 ሊትር ጥንድ የጎን ቦርሳ ከስምንት ወር በኋላ፦ ለብስክሌት ጉዞ ምን ያህል ዕቃ ይበቃል?

በብስክሌት የኋላ ጎማ ግራና ቀኝ የሚሰቀለውን ይህን ውኃ የማያስገባ ጥንድ የጎን ቦርሳ የገዛሁት በየካቲት ወር ሲሆን፣ እስካሁን በዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተነሣሁ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በሚሄደው የቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ ካናል መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ድንኳን ይዤ ወጥቼበታለሁ። መንገዱ ከዋሽንግተኑ ጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ቀድሞ በቅሎዎች በጎኑ ባለው ቦይ (ካናል) ላይ ያለ ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ ስለሆነ አቀበት የለበትም ማለት ይቻላል። እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ሜዳነቱ ነው። ዳገት ከሌለ ክብደት ምን ያደርገኛል ብዬ፣ ከኋላው ጥንድ በተጨማሪ ለፊት ጎማም አነስ ያለ ጥንድ ገዝቼ አራቱንም ሞላሁ።

በሚያዝያው የመጀመሪያ ጉዞ የጫንኩት 24 ኪሎ ነበር፦ የሦስት ሰው ድንኳን፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሁለት ድስት፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ ጂንስ ሱሪ፣ እንዲሁም ለመናገር ቢያሳፍርም የሸክላ ጀበና ከነስኒው በፎጣ ተጠቅልሎ። ጀበናው በሰላም ደርሶ በሰላም ተመለሰ፤ ጉዳቱ የደረሰው በኋላ ቸርኬዬ ላይ ነው። የሐርፐርስ ፌሪን ከተማ ካለፍኩ በኋላ የዛፍ ሥሮች መንገዱን አቋርጠው በሚወጡበት ቦታ፣ የክራር ክር የተበጠሰ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ቸርኬውን ሳሽከረክረው በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ፍሬኑን ይነካል። ከ32ቱ ሽቦዎች አንዱ አንገቱ ላይ ተሰብሯል፤ የተሰበረውም ሰንሰለቱ በሚዞርበት ጥርስ በኩል ስለነበር፣ መለወጫ ሽቦ ብይዝ እንኳ ጥርሱን የሚፈታ መፍቻ ከሌለኝ ልተካው አልችልም ነበር። ወንበር ይዤ መፍቻ አለመያዜን ያሰላሰልኩት በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የፍሬኑን መያዣ አላልቼ፣ ግማሹን መንገድ በእግሬ እየገፋሁ ተመለስኩ።

በሰኔው ጉዞ ክብደቱን ወደ 16 ኪሎ ባወርደውም የፊት ቦርሳዎቹን ግን አልተውኳቸውም። በእነሱ ላይ የጨከንኩት ቦዩና መንገዱ አብረው በሚያልፉበት በፖው ፖው ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው 950 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ብርሃን የለውም፤ ከውኃው የሚለየው የእንጨት አጥር ብቻ ሲሆን፣ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ብስክሌት የሚያልፈው እየተገፋ ነው። ከወዲያ ማዶ ሰው በመጣ ቁጥር ቆሜ እየተጠጋሁ፣ የፊቱ ቦርሳ አጥሩን እየፋቀ፣ መሪው ከእጄ እየተጠመዘዘ ለመውጣት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ቤት ደርሼ ስከፍታቸው ከያዙት ዕቃ አብዛኛው ከታሸገበት አልተነካም። ሸጥኳቸው።

በጥቅምት የወጣሁት በኋላው ጥንድ ብቻ፣ ውኃን ሳይጨምር በ11 ኪሎ ነው። የአንድ ሰው ድንኳን ፖርቶመጋላው ላይ ይታሰራል፤ ግራው ቦርሳ ስሊፒንግ ባግና ልብስ፣ ቀኙ ስንቅ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃና መፍቻዎች ይይዛል። ይህን ያህል መቀነስ የሚቻለው መንገዱ ራሱ ስለሚያግዝ መሆኑን ግን መሸሸግ አይገባም። በአሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ልዩነት ነፃ የማደሪያ ቦታ ይገኛል፤ ጠረጴዛ፣ መጸዳጃ ቤትና የውኃ ፓምፕ አለው። ውኃው በአዮዲን ስለሚታከም ጣዕሙ የመድኃኒት ያህል ነው፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ፓምፖቹ ስለማይሠሩ የውኃው ክብደት በሸክሙ ላይ ይደመራል። ስንቁን በተመለከተ፣ ለመንገደኞች ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠውን ውድ የደረቀ ምግብ ሞክሬ ወደ እናቴ ዘዴ ተመልሻለሁ፦ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ድርቆሽ ለሦስት ቀን ሁለት ኪሎ አይሞሉም። ድርቆሹ የሚፈልገው አንድ ድስት፣ ትንሽ በርበሬና የፈላ ውኃ ብቻ ነው።

ወደ ቦርሳው ስመለስ፣ አፉን ሦስት ጊዜ ጠቅልሎ ለሚዘጋ ሰው ዝናብ ፈጽሞ አያስገባም። ነገር ግን ውኃ የማያስገባ ነገር እርጥበትንም አያስወጣም፤ በሰኔ እርጥብ ልብስ ጠቅልዬበት ሁለት ቀን ሳልከፍተው በመቆየቴ የያዘው ሽታ እስከ ነሐሴ አልለቀቀውም። ውስጡ ኪስ ስለሌለው ባትሪ ፍለጋ ሁሉንም መዘርገፍ ግድ ነው። እግሩ ረጅም የሆነ ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ፔዳል ሲመታ ተረከዙ ቦርሳውን እንደማይነካ ሱቁ ውስጥ ይሞክረው፤ እኔ ቦርሳው ፖርቶመጋላው ላይ የሚሰቀልበትን መንጠቆ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ማንሸራተት ነበረብኝ።

ዋናው ቅሬታዬ መንጠቆው ላይ ነው። የፖርቶመጋላዬ ብረት ቀጭን ስለሆነ ክፍተቱን የምትሞላ ትንሽ ፕላስቲክ መንጠቆው ውስጥ ትገባለች፤ የግራዋ በሰኔው መንገድ ላይ ወድቃ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ቦርሳው በእያንዳንዱ ጉድጓድ እየተንኳኳ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ሰንብቶ፣ ጀርባው ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አወጣ። ፕላስቲኳን ከአሮጌ ከመነዳሪ በቆረጥኩት ቁራጭ ተክቼ፣ ቀዳዳውን በጎማ መለጠፊያ ደፍኜዋለሁ፤ በጥቅምት ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት አድሮ ስሊፒንግ ባጉን ደረቅ ሆኖ አገኘሁት።